ሰባት መቶ ሃምሳ

ፓይታ፣ ከወደቡ ዳር፣ ጨው ከበላው ግድግዳ፣
እዚያ ነው የምሠራው፤ በመዝገብ ስሜ «ቹንጋ፣ ኔሊዳ»፤
የበረዶ ፋብሪካ ሒሳብ የምይዝ ሴት፣
ደብተሬን አቅፌ ከኮምፕረሰሩ ፊት።

አዲስ የመጣ ቀን፣ ዘጠና ስድስት ሺህ ሶል
ከፍሎ ላቡን እየጠረገ፣ «ስንት ዓመት ይኖራል?»
አለኝ ዶን ኤሌውቴሪዮ። «ዐሥር» አልኩት። «ከዚያስ?» «ከዚያማ ብረት ነው፤
ስድስት ሺህ ያወጣል፣ በሚዛን ሰቅለው ሲሸጡት እንደ ሥጋው።

እሷን ከዋጋው ላይ ስናስቀር፣ ዘጠና ሺህ፤
ለዐሥር ሲካፈል ዘጠኝ ሺህ፣ የዓመቱ ድርሻ ነው ይህ።
ወሩን ብትጠይቀኝ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ፤
የማይጨምር፣ የማይቀንስ፣ የማይረሳ።
ቀጥተኛ መስመር ነው፤ ስሙም እንደ ሥራው፤
ማስመሪያ ያለው ሁሉ አንዴ አስምሮ የሚገላገለው።»

ሳቀ። «ባሕሩ ግን፣ ልጄ፣ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤
ዛሬ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ነገ ደጁ ላይ አይገኝም።»

እውነቱን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ውኃው ሞቀ፣ ስኩዊዱ ሸሸ፤
ጀልባው ሁሉ እንደታሰረ፣ ሰኞም ማክሰኞም በከንቱ መሸ።
አራት ወር ሙሉ የሞተር ዝምታ፤
ፔሊካኑ ጣሪያችን ላይ፣ ክንፉን አጥፎ፣ እንደ ከሰረ ጌታ።
ጻፍኩ፦ ሰባት መቶ ሃምሳ።

በአምስተኛው ባሕሩ ካሰ፤
የጭነት መኪና ሰልፉ ከቤተክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ።
መካኒኩ ፊደንሲዮ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር፣
ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ያድር።
አንድ ሌሊት የሞተሩ ቀበቶ ተበጠሰና
የራሱን ፈትቶ አሰረለት፤ ሱሪውን በግራ እጁ ይዞ ቆመ እስከ ማለዳ ደመና።
ጻፍኩ፦ ሰባት መቶ ሃምሳ።

መጀመሪያ ሰሞን ግፍ መስሎኝ ነበር፣
የተኛውን ወርና የለፋውን ወር እኩል መቁጠር።
እያደር ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ዋጋ በገዛንበት ቀን
ኪሳራ ተብሎ ቢጻፍ፣ የዚያኑ ዕለት በቀበርን።
የእርጅና ቅናሽ ማለት፣ ለካ፣ አንድ ትልቅ ሐዘን ነው
ለመቶ ሃያ ወር ተመትሮ፣ አንዱም ወር ሳይጎብጥ የሚሸከመው።

በረዶው ይህን አያውቅም። እሱ ሲያልቅ
ጠርዙ ቀስ፣ መሃሉ ቀስ፣ ከዚያ ጥቂት ሲቀር ጥድቅ!
አባቴም እንደዚያው ነበር፤ ሰባ ዓመት መረብ ጎትቶ፣
በአንድ ሳምንት አለቀ፣ አልጋው ላይ ቀልጦ።
በየትኛው ዘዴ እንደሚሰላ ማንንም አልጠየቅሁም።

በዐሥረኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣
የመጨረሻዋን ጻፍኩላት፣ የመቶ ሃያኛዋን ድርሻ።
መዝገቡ ላይ የቀረው ስድስት ሺህ፣ እንደ ቃሌ።
ቁራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ከፒዩራ መጣ፤ አንኳኳው፣ አየው፣ «በስለሌ!»
አለና አምስት ሺህ ሁለት መቶ ጠራ።
ስምንት መቶ ኪሳራ አልኩ በልቤ፤ እጄ ግን እርሳሱን አልጠራ።

«አንዴ ላስነሣው» አለ ፊደንሲዮ፣ ለማንም ሳይሆን።
ሳል፣ አንድ ረጅም ሳል፤ ከዚያ የለመድነው ድምፅ ሞላው ግቢውን።
ሻጩም ገዢውም ተያዩ፤ ሚዛኑ ተመለሰ።

ጥር ገባ። ከቅርጹ ውስጥ ነጭ በረዶ ፈሰሰ፤
መዝገቤ ጨርሶታል፣ እሱ ግን አልሰማም።
በዓምዱ ላይ ሰረዝ አደረግሁ፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

«ስንት ጻፍሽለት?» አለኝ ፊደንሲዮ። «ምንም።»
«እንግዲያ በነፃ ነው የሚሠራው?» ዝም አልኩ፤ እሱም
ጡረታው ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከዚህ ግቢ አልወጣም።

ከተሰበረው ጫፍ አንዲት ስባሪ አቀበለኝ፤
መዳፌ ላይ ይዤ፣ ሳልቆጥር፣ እስክታልቅ ጠበቅሁኝ።